ታርጋ ሁለት መቶ ሰባ

ትርንጎ «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» ብላ ተነስታ የልጅ ልጇን የወደፊት አማቾች ዕቃ ቤት እየበረበረች ነበር። ጆንያውን ቆጠረች። ጤፉን ቆንጥራ በመዳፏ ላይ አየችው፤ ማኛ ነው ብለው ነበር፣ ሰርገኛ ነው። ይህችን ወልድያ ስትመለስ ለጎረቤቶቿ እንዴት አድርጋ እንደምታወራት ከወዲሁ እያጣጣመች፣ ሰው እንዳያያት በሩን ከውስጥ ገፋ አደረገችው። የበሩን ስንጥቅ ለመድፈን ከጀርባው የተመታውን ቆርቆሮ ያኔ አየች።

የመኪና ታርጋ ነው። ዳር ዳሩ ዝጓል፣ ቀለሙ ተልጧል። ከላይ ያለውን ፊደል አታውቀውም። ቁጥሩን ግን ታውቀዋለች። ሁለት፣ ሰባት፣ ዜሮ።

ጤፉ ከእጇ ፈሰሰ።

ንጉሡ ሊወርዱ ዓመት ሲቀራቸው፣ እሷ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ከአባቷ ጋር ከግራና ገበያ ውለው ውርጌሳ ሊገቡ ሲሉ አንድ መኪና አባቷን ከመንገድ ዳር ጠርጎ ጣለው። ሳይቆም ሄደ። ቁጥር የሚባል ነገር አታውቅም ነበር፤ የጀርባውን ታርጋ ቅርጽ በዓይኗ ያዘችው፤ የተንበረከከች ሴት፣ ማጭድ፣ እንቁላል። ፖሊስ ጣቢያው ደጅ አፈሩ ላይ በጣቷ ሣለችላቸው። ሃምሳ አለቃው ቁጢጥ ብሎ አየና ከላዩስ ምን ይላል አላት፤ ሁለት መቶ ሰባ የወሎም አለ፣ የሸዋም አለ፣ የጎንደርም አለ። የላዩን አልያዘችውም። አባቷ ገዳዩ ሳይታወቅ ተቀበረ። ኋላ መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ከመንደሩ ቀድማ ገባች፤ ቁጥር ለይታ ስታበቃ ፊደሉን ለሚሹት ትታ ወጣች።

ወልድያ ላይ የማን ሚስት ከማን ጋር ታየች ሲባል ትርንጎን ጠይቁ ነው፤ ምስጢር አይቋጠርባትም። ይህን ቁጥር ግን ለወለደቻቸው እንኳ ነግራ አታውቅም። ብቻ መኪና ባለፈ ቁጥር ዞራ ጀርባውን ታያለች። ሃምሳ ዓመት እንዲህ ስትዞር ኖረች።

ዛሬ መርሳ የወረደችው ለልጅ ልጇ ለህሊና ብላ ነው። የእጮኛዋ የደጀን ሽማግሌዎች ወልድያ መጥተው ሰባት ቤት ሲቆጠር በአያቱ በኩል አራት ላይ ቆመ። ከዚያ በላይ ያለውን የሚያውቅ አያትየው ደሳለኝ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ታሞ መምጣት አልቻለም። እንግዲያው እኛ እንሂድ ተብሎ ተመጣ። ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ፈረሰ። በሁለቱ ቤት መሀል የፈሰሰ ደም ከተገኘም ያው ነው፤ ሽማግሌ ገብቶ እስኪያስታርቅ ሠርግ የለም፣ እርቁ ደግሞ ዓመትም ይፈጃል፣ እስከ ነጭራሹም ይቀራል። የህሊና ሠርግ ለጥር ተቆርጧል።

በሩ ተከፈተ። ህሊና ነበረች።

«እማምዬ፣ ጆንያው አለቀ ወይስ ይቀርሻል?»

«ነይ እስቲ፣ ከላዩ ያለውን አንብቢልኝ።»

«ወሎ ይላል። ምነው?»

ትርንጎ ቁጥሩን በጣቷ ዳበሰችው። ህሊና እየሳቀች የሰማችውን ዘረዘረች። የደጀን አያት ታርጋ በተቀየረ ጊዜ አሮጌውን መልስ ሲባል ጠፋብኝ ብሎ አስቀርቶት ነው። ከዚያ በኋላ ስንት ዓይነት ታርጋ መጣ፣ አሁን ደግሞ የክልሉም ስም ሊነሳ ነው አሉ፤ ደጀን ሚኒባሱን እየነዳ ከሲሪንቃ ጀምሮ ሲነጫነጭ የመጣው በዚሁ ነው። ያንን ቆርቆሮ ግን ሽማግሌው ማንንም አያስነካም፤ ልጁ አንዴ ሊነቅለው ቢል በከዘራ አባሮታል።

«ሂጂ፣ መጣሁ በያቸው» አለቻት።

ደሳለኝ ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥር አግዳሚ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ሸሚዙን አዛብቶ ቆልፎታል። ትርንጎ ፊቱ ቆመች። ቁጭ ይበሉ አላት፤ አልተቀመጠችም።

«ዕቃ ቤቱ በር ላይ ያለው ታርጋ የማን ነው?»

የነጋዴ ላንድሮቨር ነበር፣ እኔ ነበርኩ የምነዳው አላት። ድምፁ ውስጥ ምንም አልነበረም።

«በኅዳር፣ ቅዳሜ ወደ ማታ፣ ውርጌሳ መግቢያ ላይ ሰው ገጭተዋል?»

ከዘራውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«አንቱ ማን ነዎት?»

«የሰውየው ልጅ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ አንቱታው ጠፋበት። «በመስታወት አየሁሽ» አላት። «እየጮኽሽ ስትሮጪ። ነዳጁን ረገጥኩት፣ ሄድኩ።»

ለዚች ቀን ያጠራቀመችው እርግማን ነበራት፤ ሌሊት ሌሊት እየደረደረች ያሳመረችው። ልታወጣው አፏን ከፈተች። ሸሚዙ አንድ ቁልፍ ተርፎት አንገቱ ሥር ተንጠልጥሏል፤ ዓይኗ እዚያ ላይ ተሰካ፣ እርግማኑም አልመጣላት አለ። እሱ ቀስ እያለ ያወራል። መጀመሪያ ፈራሁ፣ ቀጥሎ ልጆች ወለድኩ፣ ማን ልበል ወዴት ልሂድ፣ እህል ባወጣሁ ቁጥር ልየው ብዬ እበሩ ላይ መታሁት፤ ገቢው ወጪው ሁሉ ያየዋል፣ አንድ ሰው ይጠይቀኛል ስል ኖርኩ።

«ግቢና ተናገሪ» አላት። «እኔ ሳልሞት።»

«ልጆቹስ?»

ሁለቱም ወደ ቤቱ ዞሩ። ከቤት ውስጥ የህሊና ሳቅ ይሰማል፤ ደጀን ምን ብሏት እንደሆነ፣ ሳቋን መግታት አቅቷታል።

የቤቱ ሰዎች ደግፈው ሊያስገቡት መጡ። ትርንጎ ቀድማ ትከሻዋን ሰጠችው። ለምን እንደሰጠችው አታውቅም፤ ክብደቱ ግን የሰው ሁሉ ክብደት ነበር። ቀስ እያሉ ገቡ።

ትውልድ ቆጣሪው አያ ፈንታው ጣቱን እያጠፈ ጀመረ። ደሳለኝ አምስተኛውን ጠራ፣ ስድስተኛውን ጠራ፣ ሰባተኛው ላይ ትንሽ አሰበና እሱንም ጠራ። የትርንጎ ወገንም ጠሩ። አልተገናኙም። ቤቱ በእፎይታ ተንጫጫ፤ የደጀን እናት ሮማን፣ ጠላ ልትቀዳ ተነሳች።

«ዝምድና የለም» አለ ፈንታው፣ ወጉን ለማድረስ ያህል፣ ዓይኑ ጠላው ላይ ሆኖ። «በሁለቱ ቤት መሀል ደምስ አለ?»

ደሳለኝ ቀና ብሎ ትርንጎን አያት። አልለመናትም፤ ጠበቃት።

ህሊና ነጠላዋን እያስተካከለች ደጀን አጠገብ ተቀምጣለች። ትርንጎ ተነስታ ቆመች። ምሰሶውን ያዘች። ፈንታው ልትመርቅ መስሎት ቆቡን አወለቀ፤ ቤቱም ሁሉ ለአሜን እጁን ዘረጋ።