ማማሰያ የያዘ ሰው አይቋረጥም

የቬትናም ጦርነት በተፋፋመበት በጋ፣ የፊልም ሰዎች ስለ እኛ ስለ ሳንፍራንሲስኮ ሂፒዎች፣ ጸጉራችንን አስረዝመን ጦርነቱን ስለምንቃወም ወጣቶች፣ ፊልም እንሠራለን ብለው ካሜራቸውን ተሸክመው እኛው ቤት ገቡ። በአንድ ጣራ ሥር የምንኖረው ሁሉ ራሳችንን ሆነን እንድንተውን ተቀጠርን። ደስታው ሊያሳብደን ነበር!

ታሪኩ ቀላል ነው፦ አባት ከነብራስካ መጥቶ ከቤት የጠፋ ልጁን ሊወስድ ይሞክራል፤ እኛ ጮኸን እናባርረዋለን፤ ልጁ ከእኛ ጋር ይቀራል። አባቱን የሚጫወተው ሃርላን ፕሩዊት፣ ካውቦይ ፊልሞች ላይ ፊልሙ ገና ከመጀመሩ በጥይት ሲወድቅ ያረጀ ተዋናይ ነው። ጠዋቱን ሙሉ ቢጮህ ቢጮህ ለዛ አጣ። አዘጋጁ ላንደር ሁላችን ፊት፣ «ስማ ሃርላን፣ አሁንም ካልሆነልህ ነገ ሌላ አባት ይመጣል» አለው። ደሜ ፈላ። ሽማግሌ እንዲህ ይዋረዳል?

«አይዞህ ሽማግሌው፣ ዛሬ እንኳ በጥይት አትሞትም» አለው ጓደኛችን ሮስኮ።

«ብሞት ይሻለኝ ነበር።»

ቀረጻው ተጀመረ። ሃርላን እየጮኸ ገባና በንዴት ጠረጴዛው ላይ ያገኘውን የእንጨት ማማሰያ አነሳ። ሁላችንም ጸጥ አልን! በቤታችን ስብሰባ ማማሰያ የያዘ ሰው እስኪጨርስ አይቋረጥም፤ ስንቱን ጠብ ያበረደልን ሕግ ነው። ካሜራ መኖሩን ጭራሽ ረሳነው።

ሃርላን ጩኸታችንን ጠበቀ። የለም። የሚጣላው ሰው ሲያጣ ድምፁ ወረደ።

«እናትህ...» አለ ልጁን የሚጫወተውን ቶቢን እያየ፣ ከራሱ አፍልቆ። «እናትህ እራት ስታቀርብ ያንተንም ሳህን ታስቀምጣለች። እኔም አንሺው ማለት አቃተኝ።» ከዚያ ማማሰያውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ መለሰ።

ወይ ትወና! ላንደር እንኳ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ቶቢ በጽሑፉ መሠረት ሊስቅበት ይገባ ነበር። እሱ ግን ተነስቶ የሃርላንን ክንድ ያዘ፤ ተያይዘው ወጡ። ካሜራ ያዡም ተከትሏቸው ሮጠ።

«ቶቢ! የት ነው የምትሄደው? አንተ እኮ ቀሪ ነህ!» ብሎ ላንደር ሊያስቆማቸው ተነሳ።

ያኔ ነው ጩኸታችን የመጣው። «ይሂድ! ተወው ይሂድ!» አልን፣ አባት ልናባርር የተቀጠርነው ሁሉ በሩ ላይ ተደርድረን፣ ላንደርን አናሳልፍም ብለን።

ፊልሙም በዚያው አለቀ። ተመልካቹ ለልጁ የጮህን ይመስለዋል፤ እኛ የጮህነው ለሃርላን ነው፤ ያ ቀረጻ ተቋርጦ ሥራውን እንዳያጣ።