ወሰኑ ምን አጠፋ

ወሰኑ ስሙን መጥላት የጀመረው ቫር የሚሉት የቪዲዮ ዳኝነት ከመጣ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት አባቱ ያወጡለት፣ ማንንም የማያስቅ ደህና ስም ነበር። አምቦ ያለው የኦቦ ዋቆ ዲኤስቲቪ ቤት ግን የሰው ስም አያከብርም። ጨዋታውን በአማርኛ የሚያስተላልፈው ሰው «ተመልክተውታል… ግቡ እንዲሻር ወሰኑ!» ባለ ቁጥር፣ አግዳሚው ላይ የተደረደረው ሕዝብ ዓይኑን ከስክሪኑ ነቅሎ ወደ ልብስ ሰፊው ወደ ወሰኑ ይዞርና በአንድ አፍ «ወሰኑ ምን አጠፋ!» ብሎ ይጮሃል። ከዚያ ሳቅ ነው። ግብ የተሻረበት ደጋፊ እንኳ አብሮ ይስቃል፤ ምን ያድርግ፣ በኳስ ማልቀስ ያሳፍራል።

ወሰኑ አይስቅም። የሚደግፈው ቡድን ስሙ ይቅር፤ ቁስል መነካካት ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ኳስ የተከላካይ ክንድ ሲነካ «እጁ በተፈጥሮ ቦታው ነው» ብለው ያለፉ የቫር ሰዎች፣ በዚህ ሳምንት የእሱ ተከላካይ ጀርባውን ሰጥቶ ሲዘል ክርኑን የዳበሰችውን ኳስ ፍጹም ቅጣት ምት ያደርጓታል። ያውም አምስት ደቂቃ አይተው! አንድ ዳኛ ቢሳሳት ሰው ነው ይባላል። ክፍል ዘግተው፣ በየማዕዘኑ ካሜራ ተክለው፣ ወደ ኋላ እየመለሱ አይተው ሲሳሳቱስ ምን ይባላል? ከሁሉም በላይ የምታበግነው ግን ያቺ ስክሪኑ ላይ የምትሰመረው የኦፍሳይድ መስመር ነበረች።

«ይህችን መስመር የሚያሰምረው ማነው?» ይላል ብድግ ብሎ። «እጁን አሳዩኝ! እጁን ልየው!»

«ቁጭ በል ወሰኑ፣» ይለዋል ጅሩ ኮቱን ጎትቶ። «ዳኛ የሚያየው አንዴ ነው። አሥር ጊዜ የምናየው እኛ ነን።»

ጅሩ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነው፤ በትርፍ ጊዜው ከአዲስ ዓለም እስከ ጉደር ያላጫወተበት ሜዳ የሌለ ዳኛ። እሱና ወሰኑ አሥራ ስድስት ዓመት አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ጅሩ የጎረቤቷን ከተማ የእንጭኒን ልጅ ዱሬቲን ሲያገባ ሚዜው ወሰኑ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ጅሩ አንድ ነገር ይጠብቅ ነበር፦ ለፌዴራል ዳኝነት ኮርስ አዲስ አበባ ሊጠራ ስሙ ተይዟል። ዕድሜው እየገፋ ስለሆነ ዘንድሮ ካመለጠው ሌላ ዓመት የሚጠራው የለም። የቀረው የመንገድ ዳር ከተሞች ዋንጫ አዘጋጅ ኮሚቴ የሚጽፍለት የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነው። ወሰኑ ጥቁሩን የዳኝነት ልብስ በልኩ አጥብቦ ሰፍቶለት «አዲስ አበባ ላይ እንዳታሳፍረኝ» ብሎታል።

ግንቦት ላይ የዋንጫው ፍጻሜ አምቦና እንጭኒን አገናኘ። ከሆለታ የተመደበው ዳኛ መኪና ተበላሽቶበት ቀረ። የእንጭኒ አምበል የአምቦን ሰው «ጅሩ ከሆነስ ያጫውተን» ብሎ ተቀበለ፤ የአምቦውም ፈረመ። እንዲህ የሚታመን ሰው ነበር።

ሌሊት የዘነበው ዝናብ የሜዳውን መስመር አጥቦት ስላደረ፣ የደጋፊ ማኅበሩ ወሰኑን በጠዋት ኖራና ሲባጎ አስይዞ ላከው። ቀጥ ያለ መስመር ከልብስ ሰፊ በላይ ማን ያውቃል? ሁሉም አማረለት፤ በላይኛው ግብ በኩል ያለው የቅጣት ክልሉ፣ የአሥራ ስድስት ከሃምሳው መስመር ላይ ሲደርስ ግን ውሃ አቁሮ አገኘ። ኖራ ውሃ ላይ አይቆምም። ወሰኑ ጨርቅ ሲያጥር ከየት እንደሚሰረቅ የሚያውቅ ሰው ነውና ሲባጎውን ጣለው። በዓይኑ እየመተረ መስመሩን ቀስ አድርጎ አንድ እርምጃ ያህል ወደ ግቡ አጠፈው፤ ኩሬውን ካለፈ በኋላ ደግሞ ቀስ አድርጎ መለሰው። ስፌቱ የማይታይ፣ ያማረ ሥራ።

ጅሩ ሜዳውን ሊፈትሽ መጥቶ እዚያ ቦታ ላይ ቆመ።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ ወሰኑ። መስመርህ እዚህ ጋ አረቄ ቀምሷል።»

«ተው ባክህ! ማን ያውቀዋል?»

«እኔ አወቅሁት። ይሁን፣ በዓይኔ አቃናዋለሁ፤» አለና ሜዳው ለጨዋታ ብቁ ነው በሚለው ቅጽ ላይ ፈረመ።

ከሰዓት በኋላ ጨዋታው አንድ ለአንድ ሆኖ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ የአምቦው አጥቂ ሌታ ከኋላ የተላከለትን ኳስ ተቀብሎ አገባ። ሜዳው ተገለባበጠ። የመስመር ዳኛው ባንዲራ አላነሳም፤ ሰውዬው ጭቃ አንሸራትቶት እየተነሳ ነበር። ጅሩ ግን ፊሽካውን ነፋ፤ እጁን አነሳ። ኦፍሳይድ! አምቦ በገዛ ልጇ ፊሽካ ግቧ ተሻረ፤ በመለያ ምትም ተሸነፈች።

ከግቡ ጀርባ ቆሞ በስልኩ ሲቀርጽ የነበረው ወሰኑ ነው። ቤቱ ገብቶ ቪዲዮውን ኳሷ ከተላከችበት ቅጽበት ላይ አቆመው። የእንጭኒው የመጨረሻ ተከላካይ ተረከዙ ኖራው ላይ ነው፤ ሌታ ከኖራው ውጭ፣ ወደ መሀል ሜዳው በኩል ነው። ጥርት ብሎ ይታያል! ወሰኑ በጣቱ ኖራውን ተከትሎ ቀይ መስመር አሰመረበትና «ዓይን ያለው ይፍረድ» ብሎ የደጋፊዎች ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ጅሩን ለመጉዳት አስቦ አልነበረም። በንዴት ነው፤ ስንት ዓመት የተጠራቀመ ንዴት።

ከሥሩ አንዱ «ሚስቱ የየት አገር ልጅ ናት?» ብሎ ጻፈ። ሌላው «ለአማቶቹ ዋንጫ ወሰደላቸው» አለ። ሌላው ደግሞ የባሰውን አለ። የሚዜ ካባ ለብሶ እንጭኒ ድረስ ሄዶ፣ ከዱሬቲ ዘመዶች ጋር ጨፍሮ የመጣው ወሰኑ ይህን ሁሉ አነበበ። አንዲት ቃል አልመለሰም። ሰኞ ዕለት ተማሪዎች በጅሩ ጀርባ ያፏጩ ጀመር። ማክሰኞ ሲነጋ በጅሩ በር ላይ ከዳር እስከ ዳር በኖራ ነጭ መስመር ተሰምሮ ተገኘ።

ረቡዕ ቀን ወሰኑ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ ሱሪ እያሳጠረ ቪዲዮውን ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ ከፈተው። ያን ዕለት ግን መስመሩን ሳይሆን የሌታን እግር አየ። ሌታ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ውስጥ ነበር። በዚያ ሁሉ ሜዳ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ ጭቃ የነበረው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ተከላካዩ የቆመው ቀጥ ባለው መስመር ላይ ነው፤ ሌታ የቆመው በታጠፈው በኩል። ሌታ ከኖራው ውጭ ቢሆንም ከተከላካዩ ይልቅ ለግቡ ይቀርብ ነበር፤ ጅሩ አልተሳሳተም። እግሩ ከፔዳሉ ላይ ቀረ፤ መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተተከለ ቆመ። ያን ሁሉ ዓመት «እጁን አሳዩኝ» ሲል የኖረው ያ እጅ፣ እነሆ ጭኑ ላይ ተቀምጧል።

ጅሩ ቤት ሄደ። ዱሬቲ በሩን ከፈተችለት፤ ወንበር ሰጠችው፤ እንደ ልማዷ ልጆቹን በየስማቸው እየጠራች ደህንነታቸውን አልጠየቀችውም።

«አወቅኸው?» አለ ጅሩ ፊቱን አይቶ።

«ለምን አልተናገርክም?»

«ምን ልበል? ሜዳው ጠማማ ነበር ልበል? ብቁ ነው ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ያሰመረው ማነው ቢሉኝስ?»

ወሰኑ አንገቱን ደፋ። «ነገ ኮሚቴው ይሰበሰባል። ለምስክርነት ጠርተውኛል። እኔው ራሴ እናገራለሁ።»

«ዱጋ?»

«ዱጋ። እውነቴን ነው።»

«እንግዲህ ሚዜያችን፣» አለች ዱሬቲ ከቆመችበት፣ «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ነው የሚባለው።»

ሐሙስ ዕለት ወሰኑ ሊናገር ቆርጦ ወጣ፤ ይህን ልመስክርለት። ነገር ግን አዳራሹ ደጅ ላይ ደጋፊው ማሊያውን ለብሶ ይጠብቀው ነበር። «ቫራችን መጣ! ቫር! ቫር!» ብለው ትከሻቸው ላይ አወጡት። በአርባ ሦስት ዓመት ዕድሜው ሰው ተሸክሞት አያውቅም፤ ሲያገባ እንኳ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው። አዳራሹ ውስጥ ሲገባ ፈርቶ ይሁን ደስ ብሎት እሱም አላወቀም።

ሰብሳቢው ስልኩን አስቀምጠው ጠየቁት። «ይህን የቀረጽከው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ነካክተኸዋል?»

«ከቀይዋ መስመር በቀር አልነካካሁትም።»

«ነጩ መስመር የሜዳው ነው?»

የጠበቀው ጥያቄ መጣለት። ጅሩ ጥግ ላይ ተቀምጦ ያየዋል። ከውጭ ጭፈራው ይሰማል፤ ስሙን እየጠሩ ነው፤ ዛሬ ማንም አይስቅበትም።

«የሜዳው ነው፣» አለ ወሰኑ።

«ሌላ የምትለው አለ?»

«የለም።»

ሐሰት ተናገረ አይባልም። ነጩ መስመር የሜዳው ነው። እኔ ግን ከሐሰተኛው ይልቅ እንዲህ ያለውን ሰው እፈራለሁ፤ ሐሰተኛውን አንድ ቀን ትይዘዋለህ። ጅሩ ዓይኑን አንዴ ብቻ ከእሱ ላይ አነሳ፤ ከዚያ በኋላ አልመለሰውም።

ቅዳሜ የዋቆ ቤት እንደ ወትሮው ሞላ። ወሰኑ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ አጠገቡ የጅሩ ቦታ ባዶ ነበር። ጨዋታው ሊጀመር አሥር ደቂቃ ሲቀረው ኦቦ ዋቆ ወረቀት ይዞ ወንበር ላይ ወጣና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰው።

«ዝም በሉ! ደብዳቤው ወጥቷል።» መነጽሩን አስተካከለ። «የቀረበውን የቪዲዮ ማስረጃ በመመልከት፣ ዳኛ ጅሩ ለሁለት ዓመት ከማጫወት እንዲታገዱ፣ ለኮርሱ የተጠየቀው የድጋፍ ደብዳቤም እንዳይጻፍላቸው፣ የኮሚቴው አባላት በሙሉ ድምፅ ወሰኑ።»

ከዚያ እንደ ልማዱ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ልብስ ሰፊው ዞረና እያጨበጨበ ጮኸ።

«ወሰኑ ምን አጠፋ!»

«መስመር አጠፍኩ፣» አለ ወሰኑ።

ቤቱ እየሳቀ ስለነበር የሰማው የለም።