የዶኛ አሱንታ ስም

የለውዝ ሻጋታ ተመራማሪው መምህር ዊልፍሪዶ ሳምብራኖ ኪሂሄ በአንድ ጀምበር ሁለት ሰው ሆኖ አደረ። ጉዱን ያመጡት ባሕር ማዶ ተቀምጠው የዓለምን ዩኒቨርሲቲዎች በደረጃ የሚደረድሩ ቆጣሪዎች ናቸው።

እሱ በሚኖርበት በማናቢ አውራጃ ሰው ሁሉ ፊት የአባቱን፣ ኋላ የእናቱን ቤተሰብ ስም ይዞ ይዞራል። ቆጣሪዎቹ ይህን ከየት ይወቁት? አንዱን ጥናት በሳምብራኖ መዘገቡት፣ ሌላውን በኪሂሄ። አሥራ አራቱ ጥናቶቹ ለሁለት ተቆረሱና ስምንቱ ለአንዱ፣ ስድስቱ ለሌላው ደረሱ። እነሱ ዘንድ ደግሞ አሥር ያልሞላለት ምሁር አይባልም። መምህራኑ ሁሉ እንዲህ ስለተቆረሱ ዩኒቨርሲቲው ከአገሪቱ አርባ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች አርባ ሁለተኛ ወጣ። አርባ ሦስተኛው ጣሪያውን ነፋስ ወስዶበት ከተዘጋ ቆይቷል።

የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ዶክተር ኦስዋልዶ ክፉ ሰው አልነበሩም። ዝርዝሩ ከወጣ ወዲህ ግን ከዋና ከተማው ስልክ በተደወለ ቁጥር ብድግ ብለው ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። ዊልፍሪዶን አስጠሩና አንድ ቅጽ ዘረጉለት።

«ከእንግዲህ አንድ ስም ብቻ» አሉት። «ተሞልቶልሃል፤ ዊልፍሪዶ ሳምብራኖ። የቀረህ ፊርማ ነው።»

«የእናቴስ?»

«እቤት ተጠራበት፤ ማን ከለከለህ? ወንድሜ፣ እኔም እናት አለችኝ። ግን እስከ ዓርብ ካልፈረምክ ውልህን ማደስ አልችልም። እኔንም ሊያነሱኝ ጫፍ ላይ ናቸው።»

ዊልፍሪዶ ቅጹን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ገበያ ወረደ። እናቱ ዶኛ አሱንታ ኪሂሄ እዚያ ኮርቢቼ ይጠብሳሉ፤ ጥሬ ሙዝ ተፍቆ፣ ከለውዝ ጋር ተለውሶ፣ ዓሣ ተሸጉጦበት ዘይት ውስጥ ይገባል። የልጃቸው የመጀመሪያ ጥናት የተሠራው ከእሳቸው የለውዝ ጆንያ ላይ በተነሳ ሻጋታ ነው። ጽሑፉ ታትሞ ሲመጣ፣ ማንበብ ባይችሉም ስማቸውን ለይተው አወቁት። ገጹን በላስቲክ ጠቅልለው ከምድጃው በላይ በምስማር ሰቀሉት። ያን ገጽ ሳያይ ኮርቢቼ የሚቀምስ የለም። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አላይም ብሎ በላና እስከ ማንታ ከተማ ስቅታ ይዞት ሄደ አሉ።

አባትየው ሳምብራኖ ደግሞ፣ ዊልፍሪዶ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ለዓሣው በረዶ ገዝቼ መጣሁ ብሎ እንደወጣ ነው። ይኸው ሠላሳ ስምንት ዓመቱ።

«ምን ሆነሃል አንተ? ፊትህ የትናንት ዓሣ መስሏል» አሉት እናቱ።

ነገራቸው። ዶኛ አሱንታ አቀርቅረው መጥበሻው ላይ ያለውን ኮርቢቼ ገለበጡ።

«እና ፈርም እንጂ። ሥራህን ለቀህ ምን ልትሆን ነው? እዚህ መጥተህ ልትጠብስ? ታሳርርብኛለህ፤ እጅህን አውቀዋለሁ።»

«እማዬ፣ ስሙ እኮ...»

«ፈርም አልኩህ። እኔን ገበያው ያውቀኛል።»

ይህን ብለው ተንጠራሩና የተሰቀለውን ገጽ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞሩት። ከዚያ የእንጨት ጭስ ገባብኝ ብለው ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ምድጃው የጋዝ ነው።

ዓርብ ጠዋት ዊልፍሪዶ መዝገብ ቤት ገባ። ጸሐፊዋ ኔልባ እያየችው በተሞላው ቅጽ ላይ ሳምብራኖን በአንድ መስመር ሰረዘና ኪሂሄ ብሎ ጽፎ ፈረመ።

«ዶን ዊልፍሪዶ፣ የሚሰረዘው እኮ የእናት ነው» አለችው። «ስልሳ ሰው ፈርሟል፤ ስልሳውም እንደዚያ ነው ያደረገው።»

«ትእዛዙን እስቲ አንብቢልኝ።»

«አንድ የቤተሰብ ስም ብቻ ይጠቀሙ።»

«የማን ይላል?»

ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን ሁሉ አየች። «አይልም።»

ፕሬዚዳንቱ ድምፅ ሰምተው ከቢሯቸው ወጡ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ትእዛዙን ሁለት ጊዜ አነበቡ።

«አሥራ አራቱም ጥናቶች ባንድ ስም ይገባሉ?»

«አሥራ አራቱም።»

«ሳምብራኖ ደግሞ እዚህ ግቢ ብቻ ሃያ አለ፤ ኪሂሄ ግን አንድ አንተ ነህ። ማንም ከሌላ ሰው ጋር አያምታታህም።» ማኅተሙን አሳረፉበት። በሩ ጋ ደርሰው ተመለሱና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ኔልባ፣ የኔን ቅጽ እስቲ ፈልጊልኝ» አሉ።

እስከ ምሳ ሰዓት ቅጼን መልሱልኝ የሚለው ሰልፍ ከግቢው ወጥቶ ድልድዩን ተሻግሮ ነበር። ዊልፍሪዶ ግን ገበያ ደርሷል። እጁን ሰቅሎ ገጹን ወደ ሰው መለሰው።

ዶኛ አሱንታ ገጹን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። ትልቁን ኮርቢቼ መርጠው በወረቀት ጠቀለሉለት።

«ሳምብራኖስ የት ገባ ሲሉህ ምን አልካቸው?» አሉት።

«በረዶ ሊገዛ ሄዷል አልኳቸው።»