አዳም የጠጣው ጠበል

ሲስተር ባንቺዓለምን ገና ካየኋት ቀን ጀምሮ አልወደድኳትም። እሷም አልወደደችኝም፤ በዚህ እንኳ ተካክለናል። የተኝቶ ታካሚዎቹን ክፍል በር በክርኗ ገፍታ ትገባና "አስታማሚ ውጪ!" ትላለች፤ ከአውድማ ላይ ዶሮ የምታባርር ነው የሚመስለው። እኔ ደግሞ ባሌን ይዤ ከኩልመስክ በጭነት መኪና ላይ ስንገላታ የመጣሁ ሰው ነኝ። እንደ ዶሮ ስባረር ደሜ ይፈላል።

ግን እውነቱን ልናገርና፣ ለሲስተር የነበረኝ ከጥላቻዬ የተረፈው ነው። ዋናውን ያስቀመጥኩት ለአማቴ ነበር።

እማሆይ ገለቴ ባላቸው ሲሞት ቆብ ደፉ። ዓለምን ናቁ ተባለ። ዓለምን ይናቁት እንጂ ልጃቸውን አልናቁትም። ቤታችን ከቤታቸው አጠገብ ነውና ወጡ ቢቀጥን ጥፋቱ የእኔ፣ ላሟ ብትነጥፍ የእኔ፣ አዳም ቢከሳ የእኔ ነው። ብሽሽቱ ላይ ቡአ ሲወጣበት እንኳ "ሸክም የምታበዛበት እሷ ናት" ብለው ለጎረቤት ያወሩት እኔን ነው። እኔም ዝም አላልኩም። አፍ ሰጥቶኛል።

ቡአው መጀመሪያ ላይ ሲተኛ ይገባለት ነበር። አንድ ቀን ሲያርስ ውሎ አልገባ አለና ማሳው ላይ ተንከባለለ። በቃሬዛ ወደዚሁ ሆስፒታል አወረድነው። ሐኪሙ በስንት መከራ በእጁ እየገፋ መለሰለት፤ ከዚያ እኔን ለብቻ ጠርቶ "የሚወጣው አንጀቱ ነው" አለኝ። "ዳግመኛ ወጥቶ ከተቆለፈ ይበሰብሳል። ከናንተ አገር እዚህ እስኪደርስ አይቆይም፤ መንገድ ላይ ይሞትብሻል። መቀደድ አለበት።" ችግሩ፣ ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ሐኪም የዚህ ሆስፒታል ሰው አይደለም። ለጥቂት ቀን መጥቶ ይሠራና ይሄዳል፤ ከሄደ መቼ እንደሚመለስ ቢጠየቅ መልስ ያለው ሰው የለም። አዳም ከጎረቤታችን ከደሳለ ጋር መጥቶ ምርመራውን ጨርሶ፣ ተራ ተይዞለት ነበርና እኔና እማሆይ ሆነን ይዘነው መጣን። ማን ትቅር ብለን ተጣልተን፣ አንዳችንም ሳንቀር።

እንደገባን ሲስተር መጣችና "ነገ ጠዋት ይገባል" አለች። "ከአሁን በኋላ ምግብ የለም፣ ውሃ የለም፣ ሻይ የለም። ሆዱ ውስጥ ነገር ካለ ማደንዘዣው ሲወስደው ወደ ላይ ይመጣና ሳንባው ውስጥ ይገባል። ታፍኖ ይሞታል። ሰምታችኋል?"

"ሰምተናል" አልን።

እኔ ግን አማቴን አውቃቸዋለሁ። አገልግላቸውን ከፍቼ ዳቦውንና በሶውን አወጣሁና አጠገባችን ላለችው ለሀፊዛ ሰጠኋት። የሀፊዛ ባል ጋሽ ሸዕባንም ለቀዶ ሕክምና ተራ የሚጠብቁ፣ ጋሸና ላይ ሱቅ ያላቸው ሰው ናቸው።

"ልጅዎን በበሶ እንዳይገድሉብኝ" አልኳቸው።

"እኔን ጾም ልታስተምሪኝ ነው?" አሉ። "አንቺ ተርበሽ ስታለቅሺ እኔ ስንቱን ሑዳዴ ጨርሻለሁ!"

ክፍሉ በሙሉ ሰማ። ይስማ።

በማግስቱ ጠዋት ሲስተር ብቅ አለችና "ጓንትና የስፌት ክር አምጪ፤ የኛ አልቋል" አለችኝ። ሆስፒታል ጓንት ሲያልቅበት የመድኃኒት ቤቱን መንገድ የሚመታ ማን ነው? እኔ ውባንቺ! እየተሳደብኩ ወጣሁ፣ ገዛሁ፣ ተመለስኩ። በሩ ላይ ዘበኛው እጁን ዘረጋ።

"ካርድ።"

"ካርዱ ውስጥ ነው፤ አማቴ ጋ።"

"እንግዲያ አስታማሚ ገብቷል። ሕጉ አንድ ነው።"

"አንተ ሰውዬ! ባሌ የሚሰፋበትን ክር ይዤ እኮ ነው!"

"ተያ አስቀምጭውና ይወስዱታል።"

ጮህኩበት። "ጩኺ፣ ጩኸት በር አይከፍትም" አለኝ ተረጋግቶ። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ አውቃኝ እጄን ይዛ ካስገባችኝ በኋላም እንኳ እየዞርኩ ስሰድበው ነበር።

ክፍሉ ስደርስ አዳም አልጋው ላይ ቁጭ ብሏል። ጢሙ ርሷል። ሸሚዙ እስከ ደረቱ ርሷል። ግንባሩ ላይ እምነት ተቀብቷል። አልጋው ሥር እማሆይ ከማርያም ቀድተው ይዘውት የመጡት ጀሪካን አለ፤ ማታ ሙሉ ነበር፣ አሁን ተጋምሷል።

"ምን አጠጡት?" አልኩ።

"ምንም" አሉ እማሆይ።

"ጢሙ ርሷል!"

"ጠበል ነው እኮ! ምን ሁነሽ ነው? በጠበል ጾም ይገደፋል እንዴ?"

ያበሳጨኝ ደግሞ እውነታቸውን መሆኑ ነው። በኛ አገር ጠበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው፤ ከጠጡትም በኋላ ጾመኛ ጾመኛ ነው። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ሆዴ እስኪነፋ ጠበል ጠጥቼ "እህል ውሃ አልቀመስኩም" ብያለሁ። አልዋሸሁም። እማሆይም አልዋሹም። ሲስተር ምግብ አለች፣ ውሃ አለች፣ ሻይ አለች፤ ጠበል አላለችም። በሶውን ስፈትሽ ጀሪካኑን አይቼው አልፌዋለሁ። ለእኔም ከመጠጥ ወገን አልነበረም።

ወዲያው በሩ ተበረገደና ሲስተር ባለጎማውን አልጋ እየገፋች ገባች። "አዳም! ተራህ ነው። እህል ውሃ ቀምሷል?"

አዳም አፉን ከፈተ። ከመናገሩ በፊት ግን እናቱ ተነሡ። መነኩሲት አትምልም፤ እሳቸው ግን በእኔ ተናደው ነበርና ማሉ። "እመቤቴን! ጠብታ በአፉ አልዞረም!"

አዳም አፉን ዘጋ። ፊቱ አመድ መሰለ። እናቱ በእመቤታችን ምለው፣ እሳቸውን በሰው ፊት ውሸታም ሊያደርግ አልቻለም። ወደ እኔ ተመለከተ። ዓይኑ ለመነኝ። "እናቴን እንዳታዋርጂ" የሚለኝ መሰለኝ። ጥንቡን ይጣል አልኩ በሆዴ። ለእናቱ ክብር ሲባል መበለት አልሆንም።

"ጠበል ጠጥቷል" አልኩ።

ሲስተር አልጋውን ለቀቀችው። "ምን ያህል?"

"ጀሪካኑን እይው።"

አየችው። ከዚያ ጣራው እስኪነቃነቅ ጮኸች። "ልትገድሉት ነው? በኔ እጅ ልትገድሉት ነው? 'ምንም አይቅመስ' አልኩ እኮ!"

"'ምንም' አላልሽም!" አልኩ እኔም። የያዝኩት ጓንት ወለሉ ላይ ወደቀ። "ምግብ አልሽ፣ ውሃ አልሽ፣ ሻይ አልሽ! ጠበል ከማለት አፍሽን ማን ያዘው? አንገትሽ ላይ ማዕተብ አስረሽ የለ? ስትጾሚ ጠበል ጠጥተሽ 'ገደፍኩ' ብለሽ ታውቂያለሽ?"

እጇ ወደ ማዕተቧ ሄደ። ለአፍታ ያሸነፍኳት መስሎኝ ነበር።

"ለናንተ አልነገርኩ ይሆናል" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ለእሱ ነግሬዋለሁ። ለምርመራ የመጣ ጊዜ እሱ እዚህ ተኝቶ፣ አንድ ሽማግሌ በዚሁ በጠበል ምክንያት ተራው ሲያልፈው አይቶ ሲስቅ ነበር። 'ጠበልም ይቆጠራል?' ብሎ ጠየቀኝ። 'ይቆጠራል፣ የጠጣ አይገባም' አልኩት። ራሱን ጠይቁት።"

አዳም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሲስተር ጓንቱን ከወለሉ ለቀመችና ወደ ጎረቤታችን ዞረች። "ጋሽ ሸዕባን፣ እርስዎስ? ምግብ፣ ውሃ፣ ሻይ፣ ጠበል፣ ዘምዘም፣ ማንኛውም ነገር?"

"ወላሂ፣ ምራቄን እንኳ እየፈራሁ ነው የምውጥ" አሉ። የኛን ተራ ለእሳቸው ሰጥታ እየገፋች ወሰደቻቸው። ሀፊዛ ከኋላ እየተከተለች፣ በእኛ ፊት መደሰቱ አሳፍሯት አንገቷን ደፋች።

"እኔ ነኝ የሰጠሁት" አሉ እማሆይ። "ልጄን ተይልኝ። እኔ ነኝ።"

"መስጠቱንስ ሰጡ፤ 'ስጭኝ' ያለዎት ማን ነው?" አልኳቸው።

የእማሆይ ፊት ቀስ እያለ ሲለወጥ አየሁት፤ ከዚያ ወደ ልጃቸው ጀርባ ዞሩ።

"አንተ ልጅ። 'እማ፣ እሷ ሳትመጣ ጠበሌን ስጭኝና በርትቼ ልግባ' ያልኸኝ ለዚህ ነው?"

"ፈራሁ" አለ አዳም ለግድግዳው። "ተኝቼ ብቀርስ? ይመልሱኛል ብዬ ነው። አንቺ ትምያለሽ ብዬ አላሰብኩም።"

ልሳቅ ላልቅስ አላወቅሁም። ጅብ በዱላ የሚያባርር ወንድ! የለመነኝ ለእናቱ ክብር አልነበረም፤ "ተናገሪ፣ አድኝኝ" እያለኝ ነበር። ባልናገር ኖሮ በገዛ ብልሃቱ ይሞት ነበር። ስንት ዓመት የበላሁትን ስድብ ሁሉ ሰብስቤ ልለቅበት አፌን ስከፍት እናቱ ቀደሙኝ።

"የእመቤቴን ጠበል ለፍራትህ መደበቂያ አደረግኸው" አሉ። ድምፃቸው አልጮኸም። "በውሸት አስማልኸኝ። በቆቤ።"

አዳም እንደ ሕፃን አለቀሰ። አላባበሉትም። እኔም አላባበልኩትም። እንዲያውም ደስ አለኝ።

ከቀትር በኋላ ሲስተር መጣች። ልቧ የራራ እንዳይመስላችሁ፤ ፊቷ እንደ ጠዋቱ ኮምጣጣ ነው። "ጋሽ ሸዕባን በሰላም ወጥተዋል" አለች። "ሐኪሙ ነገ ከምሳ በኋላ ይሄዳል። አዳምን ጠዋት መጀመሪያ አስገባዋለሁ። ነገም ጠጥቶ ከተገኘ ይዛችሁት ሂዱ፤ ቡአው ሲቆለፍ እኔ ጋ አታምጡብኝ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ሁለታችሁም እደሩ። ለዘበኛው እነግረዋለሁ። አንዳችሁን ብቻ አላምንም።"

እማሆይ ጀሪካኑን ራሳቸው አንሥተው ከክፍሉ አወጡት። ተመልሰው ከአልጋው በአንዱ ወገን ተቀመጡ፣ እኔ በሌላው። "እኔ ስጸልይ አንቺ እይው፣ አንቺ ስታንቀላፊ እኔ አየዋለሁ" አሉኝ። ትእዛዝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተፋቀርን እንዳትሉ። ዛሬም አዳም አርሶ ሲገባ እግሩን ማን ትጠብ ብለን እንጣላለን፤ ሽሮዬ ላይ ጨው በዝቷል ሲሉ ጎረቤት ይሰማቸዋል። የዚያን ቀን ግን አዳምን ለሁለት ያዝነው። ውሃ ጠማኝ ሲል ሁለታችንም እንቢ አልነው።

ጠዋት ሲስተር መጣች። "ምንም?" አለች።

"ምንም" አልን ባንድ አፍ። እማሆይ አልማሉም።

ባለጎማውን አልጋ እየተከተልን እስከ ቀዶ ሕክምናው በር ሄድን። በሩ ሊከፈት ሲል አዳም እጁን ዘረጋ። ወደ እኔ አይደለም። ወደ እናቱ ነው። "እማ፣ ያዥኝ። እማ፣ በቃ እንመለስ።"

እኚህ ሴትዮ ለዚህ ልጅ ከልክለውት የሚያውቁት ነገር የለም። ጉርሻቸውን ከአፋቸው አውጥተው ያጎረሱት ናቸው። እጃቸው ሲነሣ አየሁት። ይይዙታል፣ ያወርዱታል፣ አበቃልን አልኩ።

እማሆይ ሁለቱን እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ።

"ግባ" አሉት።

ወሰዱት። "እማ! እማ!" እያለ ነበር በሩ የተዘጋው። እማሆይ በሩን እያዩ ቆሙ። እንዳይወድቁ ከጎን ገብቼ ክንዳቸውን ያዝኩ።

"ልቀቂኝ" አሉኝ።

አልለቀቅኳቸውም።