የማዶግ ምድጃ

የማዶግ ልጅ ሞርቪዝ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰችው ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በማለዳ፣ በዝናብ፣ ልጇን አስከትላ ነው። ቤቱ፣ ብሪንግላስ፣ ያው ነው፤ ጣሪያው ጠቁሯል እንጂ ምድጃው አልተነቃነቀም። በፖዊስ አገር ቤት ይፈርሳል፣ የምድጃ ድንጋይ ግን አይነሳም።

ማዶግ ወንድ ልጅ ሳይተካ ሞተ። ሴት ደግሞ መሬት አትወርስም፤ ሕጉን ያወጡት ወንዶች ናቸው፣ ምን ይጠበቃል! አንዲት ቀዳዳ ብቻ ትተዋል። ሴቲቱን ዘመዶቿ ራሳቸው ለባዕድ ከዳሯት፣ ልጇ የእናቱን ርስት ይወስዳል። ኮብልላ ከሄደች ግን ለልጇ የመቃብር አፈር እንኳ አይደርሰው።

ሞርቪዝን በአሥራ አራት ዓመቷ፣ ለእርቅ ብሎ ከወንዙ ማዶ ላለው ኖርማን ባላባት የሰጣት አጎቷ ካድወጋን ነው። ርስቱ ላይ የተቀመጠውም እሱው። ያንን ቀን ካዩት ወንዶች በሕይወት የቀረውም እሱው።

ሽማግሌዎቹና ዳኛው የልጇን የርስት ጥያቄ ሊሰሙ ምድጃውን ከበው ተቀመጡ።

«አጎቴ» አለች ሞርቪዝ፣ «የሰጡኝ እርስዎ አይደሉም? ወይስ ራሴ ፈረሱ ላይ ዘልዬ ወጣሁ?»

«አፍሽ ዛሬም አልታጠፈም!» አለ ካድወጋን እየሳለ። «ሞት ደጄ ቆሞ አልዋሽም። እኔ ነኝ የሰጠኋት። ስታለቅስም ሰምቻለሁ።»

ለዚህ ቃል ሠላሳ ዓመት ጠብቃለች።

«እንግዲያው ልጁ ዘሩን ይቁጠር» አሉ ዳኛው።

ልጇ ሬኖ ተነስቶ ከማዶግ ጀምሮ ዘጠኝ ቤት፣ አንዱን ሳይዘል ቆጠረ። እንደ ጸሎት ያስጠናችው ነው።

«ጎሽ!» አሉ ዳኛው። «በል አሁን የአያትህን እሳት ግለጥ።»

ወራሽ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ማታ በአመድ የተዳፈነውን ፍም በባዶ እጁ ገልጦ ያነድዳል። ሬኖ ምድጃውን አየ። ነጭ እጅጌውን አየ። ወደ በሩ ዞሮ አሽከሩን ተጣራ። «ማነህ! ና ይህን አመድ ጥረግልኝ!»

«በእጅህ፣ ልጄ፣ በእጅህ!» አለች በሹክሹክታ።

«እማማ፣ አመድ እኮ ነው!»

ካድወጋን ሳቀ፤ ሳሉ እስኪያንቀው ሳቀ። «እሳት አመድ ይወልዳል ሲሉ ሰምቼ ነበር። አመድ የሚጸየፍ ሲወልድ ግን ዛሬ ገና አየሁ።»

ዳኛው አንገታቸውን ደፉ። «የአባቶቹን እሳት በሰው እጅ የሚያስገልጥ፣ እሱ ወራሽ አይደለም።»

ካድወጋን በሁለት ሰው ተደግፎ ተንበረከከ፣ በባዶ እጁ አመዱን ገለጠ። ፍሙ ቀላ፤ ርስቱም የእሱ ሆኖ ቀረ። አለቀ።

ጥፋቱ የማን ነው? የሷው። ዘጠኝ ቤት አስቆጠረችው፣ ምድጃ ግን አላስጠጋችውም፤ የኖርማን ወይዛዝርት «የዱር ሴት የወለደችው» እንዳይሉት ፈርታ። እጆቿ ግን ያውቁበታል። ነፍስ ካወቀች ጀምሮ እስከ ተሰጠችበት ቀን ያንን እሳት ማታ ያዳፈነች፣ ጠዋት የገለጠች እሷ ነበረች። እጆቿን ማን ጠየቃቸው? ካባዋ ውስጥ ሸሸገቻቸው።

«እንሂድ እማማ፣ ዝናቡ ሳይብስ» አለ ሬኖ።

እጅጌው እንደ ነጣ ነበር።