የዑዘይር ትንሿ ማጫወቻ

አልጣሽ ከኋላው መጥታ ማዳመጫውን ከጆሮው ነቀለችው። ዑዘይር ከስፌት መኪናው ላይ ደንግጦ ቀና ሲል፣ ጎረቤቱ ባለ ሻይ ቤቷ ዐይኗን አፍጥጣ ቆማለች።

"አንተ ደንቆሮ! ሐጂ ሚስባህ በር ላይ ቆመው ሁለቴ ሰላም ብለውህ፣ ጀርባህን አይተው ሄዱ!"

"የትኛው ሐጂ ሚስባህ?"

"ስንት ሐጂ ሚስባህ አለህ? ዛሬ ኮምቦልቻ ወርደው ሚስት የሚጠይቁልህ ናቸዋ! ኧረ በማርያም ሩጥ!"

ዑዘይር የያዘውን ቀሚስ ጥሎ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ወጥቶ ሮጠ።

ጥፋቱ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጠው የሙዚቃ ማጫወቻው ነበር። ስልክማ አለው። ግን በስልኩ መንዙማ ከፍቶ ገና ልቡ ሞቅ ሲል "ልብሴ አለቀ ወይ?" የሚል ደንበኛ ይደውልና ነገሩን ሁሉ ያቀዘቅዝበታል። ትንሿ ማጫወቻ ላይ ማንም አይደውልም። ሸሚዙ ኪስ ላይ ከሰካት እስከ ማታ ድረስ ባትሪዋ አይከዳውም፤ የስፌት መኪናውም ጩኸት ይጠፋለታል፣ እጁም ከድቤው ጋር ይፈጥናል። ክፋትም ነበራት። አንድ ጊዜ ገመዷን ከአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ ጋር አብሮ ሰፍቶት፣ ራሱን ከቀሚሱ ሲያላቅቅ ሰፈሩ ሁሉ ስቆበታል። ደንበኛ ተጣርቶ፣ ሰልችቶት፣ ወደ ሌላ ሰፊ ሲሄድም አልሰማም። ይህን ሁሉ ችሎ ኖሯል። የሽማግሌ ሰላምታ ሳይመልሱ መቅረት ግን እንደ ዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ሐጂን መስጊዱ አጠገብ ደረሰባቸው።

"አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሐጂ! አውፍ ይበሉኝ፣ ወላሂ አልሰማሁም!"

"ወዐለይኩም ሰላም። እኔ ይኸው መለስኩልህ።" ሐጂ መንገዳቸውን አላቋረጡም። "በሺር ስለ አመልህ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው? ሰላምታ አይመልስም እንጂ ጥሩ ልጅ ነው ልበለው?"

 ዑዘይር ሊያገባት የፈለጋት የዚክራ አባት በሺር ከሐጂ ሚስባህ በቀር የማንንም ቃል እንደማይቀበል ራሷ ነግራዋለች። ሐጂ ዛሬ ከቀሩ ዚክራም ቀረች ማለት ነው። ዑዘይር ማጫወቻዋን አውጥቶ አሳያቸው።

"ይቺ ናት ያደነቆረችህ?"

"መንዙማ ነው፣ ሐጂ። ሌላ ነገር የለባትም።"

"ወዲህ በላት። ጉዳዩ እስኪያልቅ እኔ ዘንድ ትቆይ።" ሐጂ ማጫወቻዋን ኪሳቸው ከተው ትንሽ አሰቡ። "መቼም ቃል ሰጥቻለሁ። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሎች እዚያው ኮምቦልቻ ይጠብቁኛል። አንተ እስከ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ድረስ ሸኝተኸኝ፣ ከዚያ ዞር ትልልኛለህ።"

ዑዘይር እጃቸውን ስሞ ሳይጨርስ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም።

ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ገና ከደሴ ሳይወጡ ሐጂን ነገሩ ከነከናቸው።

"እስቲ ምን ብትል ነው ሰላም ያስረሳችህ?"

ዑዘይር ማዳመጫዎቹን ጆሯቸው ውስጥ አስገባላቸው። ሐጂ መጀመሪያ ግንባራቸውን ቋጠሩ፣ ከዚያ ፈቱት። "ሱብሃነላህ! ጆሮዬ ውስጥ ተቀምጦ እኮ ነው የሚያዜምልኝ!" ብለው ጮኹ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወርድ ሌላው ተሳፋሪ ወንበር ጨብጦ ነበር። ሐጂ ጭንቅላታቸውን ግራና ቀኝ እያወዛወዙ በሰላም ወረዱት።

ኮምቦልቻ ሲደርሱ በሺር ራሱ ሊቀበላቸው ቆሟል። ሽማግሌ የላከ ሰው በዚህ ቀን ለልጅቱ አባት አይታይምና፣ ዑዘይር የኋላ ወንበር ላይ ተደብቆ ቀረ። ማዳመጫውን አስወልቆ እንዳላወረዳቸው ትዝ ያለው ያኔ ነው።

"አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሐጂ!" አለ በሺር።

ሐጂ ዐይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ፣ ከንፈራቸው ከአዝማቹ ጋር እየተንቀሳቀሰ አለፉት።

"ሐጂ! አሰላሙ ዐለይኩም!"

ምንም። የጥምጣማቸው ጫፍ ጆሯቸውን ስለሸፈነው ገመዱ እንኳ አይታይም። በሺር የዘረጋውን እጅ ቀስ ብሎ ሰበሰበ። ፊቱ ጠቁሯል።

ዑዘይር ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻለም። ዘሎ ወረደና፣ አልጣሽ ጧት እሱን እንዳደረገችው፣ ማዳመጫውን ከሐጂ ጆሮ ነቀለ።

"ጋሼ በሺር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ዕቃዋ የኔ ናት፣ ጆሯቸው ውስጥ የከተትኩትም እኔ ነኝ።"

"አንተ ደግሞ ማነህ?"

"ዑዘይር ነኝ።"

"ሽማግሌ የላከው ዑዘይር?"

"አዎ።" መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ሐጂ ገና አሁን ነገሩ ገባቸው። ገመዱን አዩ፣ በሺርን አዩ፣ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ።

"ልጁን ተወው፣ በሺር። ጧት በዚሁ ነገር ስቆጣው ነበር፤ እኔው ቀማሁትና እኔው ደነቆርኩ። አውፍ በለኝ። ስለ አመሉ ልትጠይቀኝ አልነበር? ይኸው፣ ተደብቆ መቅረት ሲችል የኔን ጥፋት ሊሸከም ወጣ።"

በሺር ሁለቱንም እያፈራረቀ አየና ሳቁ አመለጠው።

"ሽማግሌው ከላኪው ጋር አብሮ ሲደነቁር ዛሬ ገና አየሁ! በሉ ቤት እንግባ፣ ሐጂ፤ ሌሎቹ ሽማግሎች እየጠበቁ ነው። አንተ ግን እዚሁ ቆይ። ገና መች ተፈቀደልህና!"

ዑዘይር ቆየ። ሐጂ ሲመለሱ ከሩቁ "አብሽር! ሰጥተውሃል!" ሲሉ፣ ደስታው አላስቆም አላስቀምጥ አለው።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሐጂ ማጫወቻዋን መለሱለት፤ እጃቸው ግን ለመልቀቅ ትንሽ ዘገየ።

"እንዲህ ያለች ዕቃ የት ትገኛለች?"

"ነገ እገዛልዎታለሁ፣ ሐጂ።"

ዑዘይር ከኪሱ ትንሿን የክር መቀስ አወጣና በሐጂ በኩል የሚውለውን የቀኙን ማዳመጫ ከሥሩ ቆረጠው።

"ምነው? ደህናውን ዕቃ!"

"አንድ ጆሮ ይበቃታል" አለና የግራውን ሰክቶ መንዙማውን ከፈተ።

 ሚኒባሱ ሐረጎን እያቃሰተ ሲወጣ፣ ሐጂ በመስኮቱ ውጭውን የሚያዩ መስለው፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ያህል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

"አሰላሙ ዐለይኩም" አሉ።

"ወዐለይኩም ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ ሐጂ" አለ ዑዘይር።