ቀለሙን እንዳትነኩት

ጌታሰው የአባቱን ፒክአፕ ከደብረ ብርሃን ጋራዥ ያወጣት በሙት ዓመታቸው ቀን በጠዋት ነው። ወይ ጌታሰው! መኪናዋን አሳጥቦ፣ አስወልውሎ፣ ራሱም አዲስ ሱፍ ለብሶ የአንኮበርን መንገድ ሲይዝ ያየው ሰው ሰርግ የሚሄድ እንጂ ሙት ዓመት የሚሄድ አይመስለውም ነበር። እርግጥ የማይካድ ነገር አለ፤ መኪናዋ አምራለች።

አባቱ ጋሽ ገብረጻድቅ ካረፉ ወዲህ ጓሮ ቆማ ዶሮ ሲያድርባት ነበር የከረመችው። ጌታሰው ደብረ ብርሃን የቆርቆሮና የሲሚንቶ ሱቅ አለው። አንድ ቀን እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ እንደዚያ ሆና ሲያያት «ለአባቴ ከዚህ የተሻለ ምን መታሰቢያ አለ?» ብሎ አስጎትቶ ወሰዳት። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጋሽ ገብረጻድቅ በዚያች መኪና ገብስና ድንች ወደ ገበያ ያመላልሱ ነበር። አገሬው ግን የሚያውቃት በሌላ ነው። ከጎረቤላ በታች ባለው ቀበሌ ምጥ የጠናባት፣ ገደል የገባ፣ በሬ የወጋው ሁሉ ሐኪም ቤት የደረሰው በእሷ ነው። ሽማግሌው የኋላውን ጭድ ሞልተው ፍራሽ ያነጥፉበታል። በግራና በቀኝ ደግሞ የበሬ ቆዳ ጠፍር ወጥረው አስረው ነበር፤ መንገዱ ሲያንገላታው በሽተኛው የሚይዘው። ያ ጠፍር ስንት እጅ እንደጨበጠው እንጃ፣ ጠቁሮና ለስልሶ ነበር።

መካኒኩ ልዑል «ይሄን ጠፍር ምን ላድርገው?» ሲለው ጌታሰው ሳቀ። «ኧረ ቆርጠህ ጣለው! የድሮ ነገር ነው» አለ። መኪናዋን ነጭ ቀለም አስቀባ፤ ወንበሩንም ነጭ ቆዳ አስለበሰ። የኋላውንም በብረት ክዳን አስከድኖ በብሎን አሳሰረው። ክዳኑ ላይ በወርቃማ ቀለም «የአባታችን የገብረጻድቅ መታሰቢያ» ተብሎ ተጻፈ። ሰው ሁሉ እንዲያነበው በጉልህ ነው የተጻፈው።

እንግዲህ ይህችን መኪና አምጥቶ የት አቆማት? የግቢው በር ላይ! በሩ እንኳንስ መኪና ቆሞበት እንዲሁም ጠባብ ነው። ለሙት ዓመቱ የመጣ ሰው ሁሉ በጎኗ ተጣቦ እየገባ «አቤት ውበት! የተባረከ ልጅ!» እንዲል ነበር ፍላጎቱ። ሰውም አላሳፈረውም፤ አለለት።

እናቱ እማማ ደመቀች ወጥተው መኪናዋን ዞረው አዩዋት። ክዳኑን በጣታቸው ቆርቆር አደረጉት።

«ይሄ አይከፈትም?»

«በብሎን የታሰረ ነው እማዬ። ዝናብም ሌባም አይገባው።»

«ጠፍሩስ?»

«አርጅቶ ነበር'ኮ።»

እማማ ደመቀች «እሺ» አሉና ወደ ቤት ገቡ። ጌታሰው ደስ ብሏቸው መሰለው፤ ሞኝ!

ከዚያ እትዬ በሰለች መጡ። እትዬ በሰለች ጎረቤት ናቸው። ጌታሰው ልጅ ሆኖ ታይፎይድ ሲይዘው አዝለው ያስታመሙት እሳቸው ናቸው፤ ልጆቻቸውንም ሁሉ ሊወልዱ የሄዱት በዚያች መኪና ያንን ጠፍር ይዘው ነው። ሌሊት ተነሥተው ለሙት ዓመቱ ሲቀቅሉ አድረው፣ መኪናዋ መጣች ሲባል እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ሮጠው ወጡ። «የኔ እናት! ዳንሽልን?» ብለው የመኪናዋን በር በመዳፋቸው ዳበሱት። ሽንኩርትና ቅባት የነካው መዳፍ ነጩ ቀለም ላይ ታተመ።

«እትዬ! እትዬ! ቀለሙ አዲስ ነው!» አለ ጌታሰው። መሐረቡን ከኪሱ አወጣና እዚያው እሳቸው ፊት፣ የቆመው ሰው ሁሉ እያየ ወለወለው።

«ውይ፣ አላወቅኩም። ይቅርታ ልጄ» አሉ እትዬ በሰለች። እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረግ ጠረግ አድርገው ወደ ማድ ቤት ተመለሱ።

ጠበሉ ተቀመሰ፣ ቄሶቹ መረቁ፣ መብል ቀረበ። ጌታሰው ድንኳኑ ውስጥ ከሽማግሌዎቹ መሐል ተሰይሞ ምስጋናውን ይጠጣል። «እንዲህ ያለ ልጅ ያለው አልሞተም» ይሉታል፤ እሱ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ «ኧረ ምን አደረግኩና» ይላል፤ ደስ ብሎታል። ከማድ ቤት በኩል ጩኸት የተሰማ መሰለው። ወዲያው ጠፋ። የሰው ጫጫታ ነው ብሎ ተወው።

የሰው ጫጫታ አልነበረም። እትዬ በሰለች ትልቁን ብረት ድስት ከእሳት ሲያወርዱ እግራቸው አዳልጧቸው የፈላው ወጥ ከወገባቸው በታች ወርዶባቸው ነበር። ሴቶቹ ውሃ እያፈሰሱ «ዝም በሉ፣ እንግዳው እንዳይረበሽ፣ የሰውየው ሙት ዓመት እንዳይበላሽ» ይባባላሉ። እሳቸውም ነጠላቸውን ነክሰው ዝም አሉ። ለአምቡላንስ ቢደወል ወላድ ይዞ ቆላ ወርዷል ተባለ። ይሄኔ ጎረምሶቹ ቃሬዛ አሰሩ።

በድንኳኑ ማንም ለጌታሰው የነገረው የለም። የሰማው የይርጋን ድምፅ ነው። ይርጋ አብሮት አፈር ፈጭቶ ያደገ ጓደኛው ነው።

«ቀስ! ወደ ላይ አንሡት! ወደ ግራ! ቀለሙን እንዳትነኩት!»

ጌታሰው ቀና አለ። አራት ሰዎች ቃሬዛውን ከትከሻቸው በላይ አንሥተው፣ ጀርባቸውን አጥሩ ላይ ለጥፈው፣ በመኪናዋና በአጥሩ መካከል በጎን እየተራመዱ ይወጣሉ። እሾሁ ይቧጥጣቸዋል። እነሱ ግን የሚያዩት ነጩን በር ነው፤ እንዳይጫር። ከላይ ያሉት እትዬ በሰለች በእያንዳንዱ እርምጃ ያቃስታሉ።

ጌታሰው ዘሎ ተነሣ። «ይርጋ! ምን ሆኑ? የት ነው የምትወስዷቸው?»

«ወጥ ፈስሶባቸው ነው። ጎረቤላ ጤና ጣቢያ ልናደርሳቸው ነው።»

«በሸክም? መኪና እያለ? ለምን አልጠራችሁኝም?»

«አይ፣ እርስዎ አይቸገሩ አቶ ጌታሰው» አለ ይርጋ። እርስዎ! አቶ! «እትዬ መቀመጥ አይችሉም፣ ኋላው ደግሞ ተከድኗል። ይሄን ያህል የደከሙበት ቀለም ቢበላሽም አያምርም።»

ጌታሰው ያሾፈበት መስሎት ፊቱን አየው። አላሾፈም። ከልቡ አዝኖለት ነው። ያን ጊዜ ጌታሰው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ቢሰድቡት እኮ መልስ አያጣም ነበር።

«አውርዷቸው!» ብሎ ጮኸ። ወደ መኪናዋ ሮጦ ክዳኑን በሁለት እጁ ያዘና ጎተተ። ብሎኑ የሚፈታበት ቁልፍ ደብረ ብርሃን ነው ያለው። ክዳኑ ንቅንቅ አላለም። በቡጢ መታው፤ በእግሩ ረገጠው። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ወጥቶ ከቦ ያያል፤ ጠዋት ሲያመሰግነው የነበረው ሰው ሁሉ።

እናቱ ሕዝቡን ከፍለው መጡ። ጋሽ ገብረጻድቅ ድንጋይ ይፈነቅሉበት የነበረውን ዲጅኖ ይዘዋል። «እንካ» አሉት።

ጌታሰው ዲጅኖውን በክዳኑ ስር ሰደደና ተንጠለጠለበት። ብረቱ ጮኸ፣ ቀለሙ ተላጠ፣ «የአባታችን የገብረጻድቅ መታሰቢያ» ለሁለት ታጠፈ። ገንጥሎ አጥሩ ስር ጣለው። ጭድ መጣ፤ እማማ ደመቀች ከራሳቸው አልጋ ፍራሽ አንሥተው አነጠፉ። እትዬ በሰለችን አስተኟቸው፤ ይርጋ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ ጌታሰው መሪውን ያዘ፤ መኪናዋ ወጣች።

መንገዱ ያው መንገድ ነው፤ ድንጋይና ጉድጓድ። የኋላው መስኮት ክፍት ስለሆነ የሚባለው ሁሉ ይሰማዋል። በመስተዋቱ ሲያይ የእትዬ በሰለች እጅ የመኪናዋን ጎን ይዳብሳል። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ የሚይዘው ያጣል። ለስላሳ ቀለም ብቻ ነው።

«ጠፍሩ የት ሄደ?» አሉ።

ይርጋ በመስኮቱ ወደ ጌታሰው አየ።

«እኔ ነኝ ያስጣልኩት እትዬ» አለ ጌታሰው። «አላስፈላጊ መስሎኝ።»

«ይሁን» አሉ። ይርጋ እጁን ዘረጋላቸውና እሱን ጨበጡ። አንዱ ጉድጓድ ሲያነጥራቸው ጮኹ፣ ከዚያ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ጌታሰው።»

«አቤት እትዬ።»

«የእግሬ ቁስል እየፈሰሰ ነው፤ ቀለምህን አበላሸሁብህ መሰለኝ። ይቅር በለኝ ልጄ።»

ጌታሰው ጠዋት መሐረቡን ባወጣበት እጁ ማርሽ ቀየረ። ለጎረቤላ ገና አቀበቱ ቀርቷቸው ነበር።